ልጁ ምን ይማር፣ ምን ይሥራ? ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለ ተማሪ የሙያ እቅድ አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ እረፍት የለውም፣ "ልጄ ይሄን ያህል አምጥቷል ምን ይግባ?" "እህቴ አልሞላላትም አሁን ምን ትሁን?" እያሉ ይደውላሉ። ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለመሙላት ሁለት ሶስት ቀን ሲቀር ነው፣ በሁለት ቀን እንኳን ሙያ ጫማም በደንብ አይመረጥም። ሰው ሁሌ የሚሳሳተው እዚሁ ጋ ስለሆነ ከስሩ ጀምሬ በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው። ለወላጅ፣ ለታላቅ ወንድምና እህት፣ ለክፍል ኃላፊ መምህርም ይሆናል። ልጁ 9ኛ ወይ 10ኛ ከሆነ ከደረጃ 1 ጀምሩ፣ 11ኛም ከሆነ ይደርሳል። 12ኛ ገብቶ ከሆነ ግን ደረጃ 6ን እና 7ን በዚህ ሳምንት ሥሩና ሌላውን ጎን ለጎን አስኬዱት።

("ልጁ" እያልኩ የምጽፈው ጽሑፉ እንዳይንዛዛ ነው፣ ሴት ልጆችም አሉበት።)

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

• አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን። ስልክ ላይ አትጻፉ፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይሸጣል፣ ፎርማት ይደረጋል።
• ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የልጁ ካርድ በሙሉ። የጠፋ ካለ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ትራንስክሪፕት ጠይቁ።
• በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ፣ ቲቪ የጠፋበት።
• በቤት ውስጥ ስምምነት። እናት አባት አጎት አክስት፣ ለሁለት ወር ማንም ሰው "እሱማ ዶክተር ነው የሚሆነው" እንዳይል ተስማሙ። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ በተለይ እንግዳ ሲመጣ።

ማስጠንቀቂያ፦ "ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ልጁ ከኬጂ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ የሸመደደው መልስ አለው፣ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር፣ ምክንያቱም እነዚህን ሲል ትልልቆቹ ፈገግ ይሉለታል። ጥያቄውን ከጠየቃችሁት ያንኑ መልስ ነው የምታገኙት፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ቃሉን ማጠፍ ያፍራል።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ መዝግቡ

1. ማታ ማታ ሁለት መስመር ጻፉ፣ ዛሬ ሳይታዘዝ በራሱ ምን ሠራ? ምን ሲሠራ ሰዓቱን ረሳው?
2. ጎረቤት ለምን ለምን እንደሚጠራው ጻፉ። ስልክ እንዲያስተካክል ነው? ማመልከቻ እንዲጽፍ? ሱቅ እንዲጠብቅና ሂሳብ እንዲይዝ? የሚያለቅስ ህፃን እንዲያባብል? ሰው ሳያውቀው ነው ልጁን የሚገመግመው፣ ከፈተና ይልቅ እዚህ ጋ ብዙ ነገር ይታያል።
3. ትምህርት ቤት ውስጥ የቱ ክበብ እንዳለ ጠይቁ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ሳይንስ፣ ቀይ መስቀል። ለምን ገባ፣ ለምን ወጣ።
4. በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ለልጁ ስጡትና የማይስማማበትን ይሰርዝ።

ባዶ ቢሆንስ? "ምንም አይሠራም፣ ስልክ ላይ ነው የሚውለው" የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እሺ፣ ስልኩ ላይ ምን ይሠራል? ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ፣ ኳስ ቁጥር በቁጥር የሚተነትን እና ዝም ብሎ ቲክቶክ ወደላይ የሚገፋ ልጅ አንድ አይደሉም፣ ለይታችሁ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ሰፈር ውስጥ ያለውን ሥራ ቁጠሩ

አብዛኛው ተማሪ የሚያውቃቸው ሙያዎች በሁለት እጅ ጣት ያልቃሉ። ስለዚህ ከቤት እስከ ታክሲ መያዣ አብራችሁ በእግር ሂዱና ያያችሁትን ሥራ ሁሉ ይጻፍ፣ ከዛ አንድ ነገር ምረጡና ከኋላው ያለውን ሰው ሁሉ ፈልጉ።

ለምሳሌ በግንባታ ላይ ያለ ጂ+4 ህንጻ። ልጁ "ኢንጂነር" ብሎ ያልፋል። ግን መሬቱን የለካው ሰርቬየር አለ፣ ዲዛይኑን የሠራው አርክቴክት አለ፣ ብረትና ሲሚንቶውን በገንዘብ የሚያሰላ አለ፣ ፎርማን፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ሳኒተሪ፣ አሉሚኒየም ገጣሚ፣ እቃ ግዢ፣ ስቶር ኪፐር፣ ብድሩን የፈቀደው የባንክ ሰው፣ ውሉን የጻፈው የህግ ባለሙያ። ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀውም ቴክኒክና ሙያ የሚያስገባውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። በአንድ ሊትር የታሸገ ወተትም እንደዚሁ አድርጉ፣ ከላም እስከ ሱፐርማርኬት፣ የእንስሳት ሐኪሙን እንዳትረሱ።

ግቡ 30 ሙያ ነው። ከዛ ልጁ ራሱ ሶስት ይምረጥ፣ እናንተ አንድ ብቻ መጨመር ትችላላችሁ፣ እሱም ስምምነት ካለ።

ደረጃ 3፦ ሥራ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ

ለእያንዳንዱ ሙያ ሁለት ገጽ ክፈቱ፣ ምን ይማራል፣ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ የት ይሰጣል፣ ናቹራል ነው ሶሻል፣ ሥራ ሲጀመር የት የት ይቀጠራል። ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማንን (የመጀመሪያውን ዓመት) ጨምሮ አብዛኛው ዲግሪ 4 ዓመት ነው፣ ምህንድስናና ህግ 5፣ ህክምና ከዛም ይበልጣል። ይሄን ቀድሞ ያላወቀ ልጅ አለ፣ ቤተሰብም ቶሎ ደሞዝ እየጠበቀ ከሆነ ዓመቱ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንተርኔት ካለ ነፃ የሆኑ ኮርሶችን ለመሞከሪያ ተጠቀሙባቸው። 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ የሚባለው ፕሮግራም ኮዲንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ኤአይ በነፃ ያስተምራል፣ ልጁ "ሶፍትዌር እፈልጋለሁ" ካለ ሰርተፍኬቱን ሳይሆን ሶስተኛው ሳምንት ላይ ሳይነገረው ከፍቶ እየተማረ መሆን አለመሆኑን ነው የምታዩት።

ደረጃ 4፦ ሥራ ቦታ አውሉት

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄን አትዝለሉ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ የዋለ ልጅ፣ አንድ ዓመት ስለ ሙያ ከተመከረ ልጅ የበለጠ ያውቃል ባይ ነኝ።

ሀ. ሰው ማግኘት

1. ከዕድር፣ ከማኅበር፣ ከቤተክርስቲያን ከመስጊድ፣ ከተከራይ ከአከራይ ጀምሩ። የምታውቁት ሰው ባያውቅ የሚያውቀው ሰው ያውቃል።
2. ስትደውሉ መጀመሪያ ይሄን በሉ፦ "ሥራ አስቀጥርልኝ እያልኩ አይደለም፣ ገንዘብም አይፈልግም፣ አንድ ቀን አጠገብህ ሆኖ ሥራህን ቢያይልኝ ብዬ ነው።" ይሄን ካላስቀደማችሁ ሰውየው ልታስቀጥሩት መስሎት ስልክ ማንሳት ያቆማል።
3. ባንክ፣ ሆስፒታል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ጥበቃው ያለ ወረቀት አያስገባም። ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፣ ማህተም ይኑረው፣ የተማሪ መታወቂያውንም ይያዝ።

ለ. ጊዜ መምረጥ

እዚህ ጋ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። የእህቴን ልጅ አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ የላክሁት ሰኔ 28 ነበር። ሰኔ 30 በጀት ዓመት ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ግብር ይጀምራል፣ ሰዎቹ ቀና ብለው የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም፣ ልጁ በር አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት ሲቀመጥ ዋለና ማታ "አካውንቲንግ መቀመጥ ነው" ብሎኝ ቁጭ አለ። አሁንም ድረስ ሃሳቡን አልቀየረም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

• ሂሳብና ግብር ነክ ከሆነ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አትላኩ።
• ህግ ከሆነ ፍርድ ቤት በክረምት ዝግ ነው፣ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ አይሆንም። በሌላ ጊዜ ግን ግልጽ ችሎት ገብቶ መቀመጥ ይቻላል፣ ለዚህ ሰው ማወቅም አያስፈልግም።
• ግንባታ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳይቱን ያቀዘቅዘዋል፣ በጋ ይሻላል።
• ለሌላው የሴሚስተር እረፍት ጥሩ ነው።

ሐ. ቀኑን ማዋል

1. ሠራተኛው ሲገባ ይግባ፣ ሲወጣ ይውጣ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ መመለስ ጉብኝት ነው፣ ሥራውን አያሳይም።
2. ጋራዥና ወርክሾፕ ሸራ ወይ ክፍት ጫማ አይደረግም፣ ወፍራም ጫማ ያድርግ። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ የታካሚም የሰነድም ፎቶ አይነሳም።
3. "ጋሼ" "እትዬ" "ሲስተር" ብሎ ይጥራ፣ ቡና ሲመጣ ተነስቶ ያቀብል፣ ሰው የሚያስተምረው የወደደውን ነው።
4. ምሳ ከነሱ ጋር ይብላ። እውነተኛው ወሬ የሚወራው ምሳ ላይ ነው።
5. እነዚህን ይጠይቅ፦ ከቀኑ የሚሰለቸው የቱ ነው? መጀመሪያ ስትቀጠሩ የማታውቁት ምን ነበር? የተማራችሁትን ስንቱን ትጠቀሙበታላችሁ? ቤተሰብ ታያላችሁ ወይስ ፊልድ ናችሁ?
6. ደሞዝ ላይ "ስንት ይከፈልዎታል" ብሎ እንዳያሳፍራችሁ። "ዛሬ አንድ ጀማሪ በስንት ይገባል?" ይበል፣ ይሄን ማንም ይመልሳል።

መ. ማታ

"ወደድከው?" አትበሉት፣ "አዎ" ይልና ያልቃል። "ስንት ሰዓት ላይ ነው ሰዓትህን ያየኸው? በማን ነው የቀናኸው?" በሉት፣ መልሱን ደብተሩ ላይ እሱ ራሱ ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን አይሂድ፣ ወይ እናንተ አድርሱ ወይ ከጓደኛ ጋር ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ቦታው ሰው የሚበዛበት ይሁን። "ማታ ና፣ ያኔ በደንብ አሳይሃለሁ" ያለ ሰው ጋ አትልኩ፣ በቃ።

ከተበላሸስ?

ሰውየው ቀረ፦ ይቀራል፣ ቀድማችሁ ሁለተኛ ሰው ያዙ። ልጁ ጠልቶት መጣ፦ ጥሩ ነው፣ አምስት ዓመት አተረፋችሁ፣ ግን ሥራውን ነው የጠላው ወይስ አለቃውን ብላችሁ ለዩ። በአንድ ቀን ፍቅር ይዞት መጣ፦ ሌላ ቦታ ያለ ሌላ ሰው ጋ አንድ ቀን ድገሙት፣ ብዙ ጊዜ የተወደደው ሙያው ሳይሆን ያ ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ ነው።

ደረጃ 5፦ ካርዱን አንብቡና ስትሪም ምረጡ

"ስንተኛ ወጣህ?" የሚለውን ለጊዜው እርሱት። ደረጃ የሚነግራችሁ የክፍሉ ልጆች እንዴት እንደሆኑ ነው። እናንተ የምትፈልጉት እያንዳንዱ ትምህርት በሶስት ዓመት ውስጥ ወደላይ ነው ወደታች የሄደው የሚለውን ነው፣ ደብተሩ ላይ ሰንጠረዥ ሥሩና ቁጥሩን አስገቡ።

1. ወደላይ የሚሄዱትን ክበቡ።
2. የወደቀ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። መምህር ሳይኖር የከረመ ፊዚክስ እና እየተማረ ያልገባው ፊዚክስ ይለያያሉ፣ የመጀመሪያው ይጠገናል።
3. የመረጣቸው ሶስት ሙያዎች የሚጠይቁትን ከጎኑ ጻፉ።

ስትሪም (ናቹራል ወይ ሶሻል) የሚለየው 11ኛ ላይ ነው፣ ውሳኔው ግን 10ኛ ላይ ማለቅ አለበት። ህክምናና ምህንድስና የሚፈልግ ልጅ ሶሻል ገብቶ መመለሻ የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ "ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው የሚገባው" የሚባለው ነገር ስንቱን ጋዜጠኛና ጠበቃ ኬሚስትሪ ላይ እንዳስቀረው እግዜር ይወቀው። ከሒሳብ ለመሸሽ ብሎ ሶሻል የሚገባም አለ፣ አያመልጥም፣ ሶሻልም የራሱ ሒሳብ አለው፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድም ለሁለቱም ነው። እነዚህ ሶስቱ ደካማ ከሆኑ ከ9ኛ ጀምሮ እዚህ ላይ ሥሩ።

ጓደኞቹ ሁሉ አንዱ ጋ ስለገቡ መግባት ከፈለገ አትቆጡት። ደብተሩን ክፈቱና "ከነዚህ ሶስቱ የቱን ነው የምትሰርዘው?" ብላችሁ እስክሪብቶውን ስጡት።

ደረጃ 6፦ ሶስት በር ያለው እቅድ ጻፉ

አንድ በር ብቻ ያለው እቅድ፣ እቅድ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ልጃችሁ ጎበዝ ነው፣ እሺ፣ ግን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ 50 አላመጣም።

በር 1፣ ካለፈ። የሚፈልገው ዲፓርትመንት ያለበትን ዩኒቨርሲቲ ለዩ። በስም ትልቅ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ዲፓርትመንት አለው ማለት አይደለም፣ ፋርማሲ እፈልጋለሁ ብሎ ፋርማሲ የሌለበት ግቢ የሞላ ልጅ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፣ አዳማ እና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንደዚሁ፣ ማስታወቂያቸውን ከራሳቸው ገጽ ተከታተሉ፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ።

በር 2፣ ትንሽ ከጎደለ። ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) አለ፣ በግል ድጋሚ መፈተን አለ፣ የግል ኮሌጅ አለ። ለዲግሪ የግል ኮሌጅም የመግቢያ ነጥብ አለው፣ "እኛ ጋ ሁሉም ይገባል" የሚል ካጋጠማችሁ ውጡ። እውቅናው በኮሌጁ ስም ብቻ አይታይም፣ ለዛ የትምህርት ዘርፍ፣ ለዛ ካምፓስ፣ መደበኛ ይሁን ርቀት ተለይቶ ነው፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ እንጂ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይታችሁ ብር አትክፈሉ።

በር 3፣ ቴክኒክና ሙያ። ይሄን ስትሉ ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ልጁ ያያችኋል። ውጤት ሳይወጣ በፊት ኮሌጁ ሄዳችሁ ወርክሾፑን አሳዩኝ በሉ። ማሽኑ ይሠራል ወይስ አቧራ ለብሷል? ተማሪው ለትብብር ስልጠና የት ድርጅት ነው የሚወጣው? ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ከሚፈተኑት ስንቱ ያልፋል? አዲስ አበባ ከሆናችሁ ተግባረዕድ እና ጀኔራል ዊንጌት ሄዳችሁ አወዳድሩ።

ለእያንዳንዱ በር አምስት ነገር ጻፉ፦ የት፣ ምን ነጥብ፣ ስንት ብር፣ ምዝገባው መቼ፣ ማንን ልጠይቅ። ብሩ ላይ ትራንስፖርት፣ ቤት ኪራይና ምግብ ይግባ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን የወጪ መጋራት እንዳለበት ልጁ ይወቅ።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ቀድማችሁ አስተካክሉ

ፈጣን ደረጃ ነው ግን ስንቱን አስለቅሷል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጾታ፣ ስትሪም፣ ፎቶ፣ በካርዱም በልደት ሰርተፍኬቱም በፈተና ምዝገባውም አንድ ይሁን፣ የእንግሊዝኛው ስፔሊንግ ፊደል በፊደል። ፋይዳ ካላወጣ አሁኑኑ ይውጣ። የምዝገባው ፕሪንት ሲመጣ ልጁ ብቻውን አይፈርም፣ ትልቅ ሰው አብሮ ያንብብ። ስህተት ካለ በዛኑ ሳምንት ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ውጤት ሲወጣ

1. ከትክክለኛው የመንግሥት ገጽ ብቻ እዩ። ቴሌግራም ላይ "ውጤት እናስተካክላለን" "ምደባ እናስቀይራለን" የሚል ሁሉ ሌባ ነው፣ ብር ልካችሁ የሚመለስላችሁ ነገር የለም።
2. መጀመሪያ ቀን ውሳኔ የለም። ስድብም የለም፣ "እገሌ እንኳን አምጥቷል" የለም። ሻይ አፍሉ።
3. ውጤቱ ጨርሶ የማይመስል ከሆነ የቅሬታ ጊዜው አጭር ስለሆነ በማግስቱ አቅርቡ።
4. በሁለተኛው ቀን ደብተሩን አውጡና የትኛው በር እንደተከፈተ እዩ፣ ስልክ የሚደወልለት ሰው እዛው ተጽፏል።
5. በኤጀንሲ ዓረብ አገር የመሄድ ወሬ የሚነሳው በዚህ ሰሞን ነው። አትከልክሉም አትፍቀዱም፣ እሱንም እንደ አንድ በር አምስቱን ጥያቄ ጠይቁት፣ ውሉን ያየ ሰው አለ? ማን ጋ ነው የምትሠራው? ብዙ ጊዜ ሶስተኛው ጥያቄ ላይ መልስ ያልቃል።

ምርጫ ስትሞሉ ልጁ ይንካው፣ እናንተ ከጎን ቁጭ በሉ። ከመላኩ በፊት ስክሪንሾት አንሱ።

ፍሬሽማን ከገባ በኋላ

አልጨረሳችሁም። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፣ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በፍላጎት ብቻ ሳይሆን በውጤትና ባለው ቦታ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ሴሚስተር ጂፒኤ እንደ ማትሪክ ይቆጠር። እኔ በጊዜው ጓደኞቼ የሞሉትን አይቼ ነው የሞላሁት፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የገባኝ። መሰናበቻ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ፣ 50 ካልመጣ ዲግሪው አይሰጥም፣ ስለዚህ "ቀላል ነው" ተብሎ ዲፓርትመንት የሚገባበት ነገር አይሠራም።

መሃል ላይ ሃሳቡን ከቀየረስ? ከደረጃ 4 ጀምራችሁ አዲሱን ሙያ ብቻ ድገሙ፣ አንድ ቀን ይዋል፣ ማታ ይጻፍ። አሮጌውን ገጽ አትቅደዱ፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ የሚፈልገው እሱን ሊሆን ይችላል።